የማይመለስ ወንፈል

ልጅ ሳለሁ ሱዳን ውስጥ በሀዋታ ሜዳ ተረት የሚወራው ቢንቢ ለማባረር በሚነደው ጭስ ዙሪያ ነበር። ዝናቡ አልፎ ጭቃው መሰነጣጠቅ ሲጀምር፣ ፀሐይ እንደጠለቀች አባቴ የዓምና የማሽላ አገዳና ደረቅ ኩበት ከግቢያችን መሃል ይከምርና እሳት ይለኩስበታል። ነበልባሉ እንዳይበረታ እናቴ ውሃ ትረጭበታለች፤ ያን ጊዜ የሚወጣው ወፍራም ጭስ ዓይን እያስለቀሰ ግቢውን ይሞላዋል። ያኔ መብራት የሚባል ነገር ሰፈራችን አልደረሰም። ከበሩ ምሰሶ ላይ አንዲት ፋኖስ ተንጠልጥላለች፤ ከእሷ ሌላ የሚያበራልን ፍሙ ብቻ ስለነበር የተራኪውን ፊት በደንብ የምናየው ወደ ፍሙ ጎንበስ ሲል ነበር።

አባቴ ኑሩ የመተማ ሰው ነው። ከእናቴ ጋር ድንበሩን ተሻግሮ፣ ራሃድ ወንዝ አጠገብ ከአንድ ሱዳናዊ ባለመሬት ትንሽ ማሳ ይዞ ሰሊጥ ይዘራ ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ እዚያው ተወለድን። መከር ሲደርስ ከጎንደር ቆላ፣ ከአርማጭሆና ከቋራ፣ ሠራተኞች በሎሪ ተጭነው ይመጣሉ፤ መሽሩዕ በሚባሉት ትልልቅ እርሻዎች ሰሊጥ ሲያጭዱ ከርመው ይመለሳሉ። ከእነሱ መካከል አያ ዘለቀ የሚባል ሽማግሌ ነበር። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ የዞረ፣ ኋላ ግን ትምህርቱን ትቶ ወደ እርሻ የተመለሰ ሰው ነው። ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ካምፕ ለቤታችን ቅርብ ስለነበረ ማታ ማታ እኛ ዘንድ እየመጣ ሻይ ይጠጣል፤ ለእኛም ይተርትልናል። እኛ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን፤ ሥጋ ሲኖር እሱ አይነካም፣ ዓሲዳ የሚሉት የማሽላ ገንፎና ወጥ ሲሆን ግን ከእኛው ገበታ ይቆርሳል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ነበረው። እሱም የጎንደር ሰው ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ አገሩን የለቀቀ፣ አማርኛው ውስጥ ዓረብኛ የገባበት፣ ሆዱ ትልቅ፣ ሳቁ ደግሞ ከሆዱ የሚበልጥ። ሱቁን እንደዘጋ ወንበሩን ተሸክሞ ይመጣል። ሁለቱ ሳይከራከሩ የተለያዩበት ምሽት ትዝ አይለኝም።

አያ ዘለቀ ደጋግሞ የሚተርተው አንድ ተረት ነበረው። በአንድ ወንዝ ዳር ሦስት ወንድማማቾች ይኖሩ ነበር። ወንዙ ሲሞላ መንገደኛ የሚያሻግሩበት አንድ ወፍራም ገመድ አላቸው። ታላቁ የሚያሻግረው ነገ እኔም ማዶ ስሻገር የሚያሳድረኝ አላጣም ብሎ ነው። መካከለኛው የሚያሻግረው ሰው ሲሰጥም ካየ እንቅልፍ ስለማይወስደው ነው። ታናሹ ግን ለምን እንደሚያሻግር ሲጠይቁት ጥያቄው ራሱ አይገባውም፤ ገመዱን ይይዛል፣ ውሃው ውስጥ ይገባል። አባታቸው መሞቻው ሲደርስ ገመዱን ለአንዱ ብቻ ማውረስ ነበረበት። አያ ዘለቀ እዚህ ላይ ያቆምና ፊቱን ወደ ፍሙ አቅርቦ እኔንና ወንድሜን እያየ፣ «እንግዲህ ለማን ይስጥ?» ይለናል።

እኛ አፋችንን ሳንከፍት ሐጂ ኢድሪስ ይቀድመናል። «ለታላቁ ነዋ! ጥቅሙን የሚያውቅ ሰው ነገም ይመጣል። ታናሹ አንድ ቀን ይደክመውና ገመዱን ጥሎ ይተኛል።» አያ ዘለቀ ራሱን ይነቀንቃል። ለእሱ በጎ ሥራ ማለት ሠሪው ራሱን የረሳበት ሥራ ነው፤ «ለእኔ» የምትለዋ ቃል አንዴ ከገባችበት መልካምነቱ ይቀንሳል። ሐጂ ደግሞ ራሱን የሚረሳ ፍጡር አላህ አልፈጠረም ባይ ነው። መካከለኛው ለእንቅልፉ ነው የሚያሻግረው፤ ታናሹም ቢሆን በደንብ ቢመረመር የሚያገኘው ነገር አይጠፋም ይላል።

«እናትስ ለልጇ?» ይለዋል አያ ዘለቀ።

«ልጁ የሷ አይደለም እንዴ?»

«ሰማዕትስ?»

«አንተ ዘለቀ፣ ሰማዕት ጀነትን አይፈልግም?»

«እንዲህ ከሆነማ የሚሰጠውንም የሚነጥቀውንም በአንድ ስም ጠራሃቸው። ሁሉን የሚጠራ ስም ምን ይሠራል?»

ሐጂ በዚህ ጊዜ ይስቃል። እናቴ ግን ሁለቱንም አትቀበልም ነበር። ሻዩን እየቀዳች፣ እነዚያን ወንድማማቾች ማን እንደሚያበላቸው ትጠይቃለች። ያልበላ አሻጋሪ ራሱም ይሰጥማል፣ የያዘውንም ያሰጥማል፤ ስለዚህ ሰው አስቀድሞ ለራሱ ማሰቡ ነውር ሳይሆን ግዴታው ነው ትላለች። አባቴ ብዙ አይናገርም። አንድ ምሽት ብቻ፣ ጭሱን በእንጨት እየቆሰቆሰ፣ «እኔስ ማንም ገመድ እንዲይዝልኝ አልፈልግም፤ በራሴ እሻገራለሁ» ሲል ሰማሁት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ገዳሪፍ ከተማ ስማር አንድ መምህራችን ይኸንኑ ነገር በሰሌዳ ላይ ከፋፍሎ ጻፈልን። ሰው የሚሠራው ሁሉ ለራሱ ነው የሚሉ አሉ፤ ለራሱ ነው ባይባልም ለራሱ ሊሠራ ይገባዋል የሚሉ አሉ፤ የራስ ጥቅም ከገባበት በጎነት አይባልም የሚሉም አሉ። የክፍሉ ልጆች ሲከራከሩ እኔ እሰማ ነበር። ለእኔ እነዚያ ሐሳቦች ድምፅ ነበራቸው፤ የጭስ ሽታም ነበራቸው። ደግሞም ከእነሱ የትኛውም ስለ አባቴ እግር የሚለው ነገር አልነበረም።

እግሩ የተሰበረው በመከር መግቢያ ነው። ከሎሪ ላይ ጆንያ ሲያወርድ ወድቆ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ፤ ወጌሻ መጥቶ በእንጨት አሰረለት። ግቢው ውስጥ፣ በገመድ በተጠለፈች አልጋ ላይ ተጋድሞ ማሳውን በሩቁ ያያል። ማሽላ ቢሆን ይጠብቃል፤ ሰሊጥ ግን ለማንም አይጠብቅም። ከደረሰ በኋላ ፍሬ መያዣው ከሥር ጀምሮ አፉን ይከፍትና ትንሽ ነፋስ ሲነካው ዘሩን መሬት ላይ ይደፋዋል፤ የረገፈ ሰሊጥ ደግሞ አይለቀምም። ባለመሬቱ መከሩን በወቅቱ ያላነሳ ሰው በሚመጣው ክረምት ማሳውን እንደማያገኝ አስቀድሞ ተናግሯል። ማሳውን ካጣን እዚያ አገር የምንኖርበት ምክንያት አልነበረንም። እናቴ ብቻዋን ጎህ ሳይቀድ እየወጣች ታጭዳለች፤ እኔ ነዶውን አስራለሁ፤ ግን ስንመለስ ያልታጨደው ከታጨደው እጅግ ይበዛ ነበር። አጫጅ ነን የሚሉትን ሁሉ ትልልቆቹ እርሻዎች ይዘዋቸዋል።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ማታ አያ ዘለቀ መጥቶ እንደ ልማዱ ጭሱ አጠገብ ተቀመጠ። ያን ማታ አልተረተም። «ኑሩ፣ ነገ ሚካኤል ነው» አለ። «መሽሩዑ ላይ የኛ ሰዎች ሥራ አይገቡም። የካምፑን ልጆች ይዤ መጥቼ ማሳህን እናነሳልሃለን።»

አባቴ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «አላህ ይስጥህ፣ አያ ዘለቀ። ወንፈል ይሁን። እግሬ ሲድን ለያንዳንዳችሁ ቀናችሁን እመልሳለሁ።»

እንደ እኛ ባሉ ሰዎች ዘንድ ወንፈል ምን እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል። ዛሬ የእኔን ማሳ ታጭዳለህ፣ ነገ ያንተን አጭዳለሁ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ውለታ አይባልም፣ ልመናም አይባልም፤ ማንም አንገቱን አይደፋበትም። አባቴ ያንን ቃል የመረጠው ቀና ብሎ ሊቀበል የሚችለው እሱን ብቻ ስለነበረ ነው።

አያ ዘለቀ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ወንፈል ከሆነ አልችልም።»

«ምነው?»

«ቀኑን የምትመልስልኝ ከሆነማ የራሴን ሥራ ሠራሁ ማለት ነው። በሚካኤል ለራሴ ማጭድ አላነሳም። ለታመመ፣ ላልቻለ ሰው ሲሆን ግን አይከለከልም። የማትመልስልኝ ከሆነ ብቻ ነው የሚሆነው።»

«የማልመልሰውን አልበላም» አለ አባቴ፣ ተመልሶም ተጋደመ።

 ያች ሰዓት ዛሬም ታስፈራኛለች፤ ሁለቱም ደግ ሰዎች ነበሩ፤ በሁለቱ ደግነት መካከል የኛ ሰሊጥ ሊረግፍ ነው። ሐጂ ኢድሪስ እስከ ጁምዓ፣ ሠራተኞቹ እስከሚያርፉበት ቀን፣ መጠበቅ ይቻል እንደሆነ አሰበና ራሱ መልሶ ተወው፤ በማሳው ሲያልፍ ሰሊጡ ከታች መከፈት መጀመሩን አይቷል። ቀጥሎ በሳቅ ሊያስታርቃቸው ሞከረ። «ወላሂ እንደናንተ ያለ አላየሁም። አንተ በልብህ ወንፈል በል፣ አንተ ጽድቅ በል፤ ሰሊጡ እንደሆነ አይሰማም።»

«ሚካኤል ይሰማል» አለ አያ ዘለቀ፣ ሳይስቅ።

ያን ጊዜ እናቴ ተነሳች። ፋኖሷ ሥር ተቀምጣ ለነገ የሚሆን ዱቄት ትነፋ ነበር፤ ወንፊቱን እንደያዘች መጥታ ከአባቴ አልጋ እግርጌ ቆመች። እንግዳ ፊት ባሏን ተናግራው አታውቅም።

«እምቢ የምትለው ለማን ብለህ ነው?»

«ለክብሬ።»

«ክብርህ የማን ነው?»

አባቴ የታሰረውን እግሩን አየ።

«ያንተ ነው» አለችው። ድምፅዋ አልጨመረም። «ሰሊጡ ግን የልጆቹ ነው። ለራስህ ብለህ ነው እምቢ የምትለው። የምታስበውማ ስለ እኛ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ እሺ ብለህ ነበር።»

አባቴ ፊቱን ከፋኖሷ ወደ ጨለማው አዞረ። ፍሙ ተንጣጣ፤ ማንም አልቆሰቆሰውም። እሱም ፊቱን ሳይመልስ፣ «ይሁን፣ አያ ዘለቀ» አለ። «አልመልስም።» ቃሉ ከአፉ የወጣው ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው እያመመው ነው። ኩራቱን ያኔ አልተረዳሁለትም ነበር፤ ደስ ብሎኝ ወንድሜን ጎሸምሁት።

ሁሉም ሊነሱ ሲሉ ሐጂ አንድ ነገር አስታወሰ። ድንበሩ ላይ ወዳለችው ገላባት የሚሄደው ሎሪ ነገ ማለዳ ነው፤ አያ ዘለቀም በእሱ ተሳፍሮ፣ ድንበር ተሻግሮ ቋራ ሊገባ አስቦ ነበር። እዚያ ሚስቱ የምትጠብቀው የራሱ ሰሊጥ አለው፤ ከኛ ዘግይቶ የሚደርስ። «አንተ ልትሄድበት አልነበረም ወይ?» አለው።

«ሌላ ሎሪ አይጠፋም» አለ አያ ዘለቀ፣ በትሩንም አንስቶ ሄደ።

በማግስቱ አባቴ ወደ ማሳው ውሰዱኝ አለ። ወጣቶቹ ከነአልጋው ተሸክመው ከማሳው ዳር ካለችው ግራር ሥር አስቀመጡት። አጫጆቹ በመደዳ ገቡ፤ አያ ዘለቀ ከፊት ነበር። ማጭዱ ሰሊጡን ሲቆርጥ የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው፤ ያን ቀን ግን ዘፈን አልዘፈኑበትም፣ በዓል ስለሆነ ይመስለኛል። የታጨደው በነዶ ታስሮ፣ ነዶውም ቀጥ ብሎ እየተደገፈ ሂላ በሚሉት ክምር ይቆማል። አባቴ እጁ ጤነኛ ስለነበረ ከአልጋው ጎንበስ ብሎ አንድ ነዶ ማሰር ጀመረ። አያ ዘለቀ አይቶት መጣና ማሰሪያውን ከእጁ ወሰደው። «ያንተ ሥራ ዛሬ መቀመጥ ነው፣ ኑሩ» አለው። አባቴ ከዚያ በኋላ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዋለ። ሲያጭዱለት ከማየት የበለጠ የከበደው ሥራ በሕይወቱ አልነበረም፤ ይህን ኋላ ራሱ ነግሮኛል።

ረፋዱ ላይ ሐጂ ኢድሪስ በአህያ ጋሪው በርሜል ሙሉ ውሃ ይዞ ደረሰ። ሱቁን ዘግቶ ነው። እኔ ውሃ አመላላሽ ነበርሁና ጣሳውን እየሞላሁ፣ የማታው ክርክር ከልቤ አልወጣም ነበርና ጠየቅሁት፤ ይኼ ለሱ ምን ይጠቅመዋል?

«ነገ እናትሽ ስኳር ከኔ እንድትገዛ ነው» አለኝ።

«ሌላ ሱቅ እኮ የለም።»

ሐጂ ላቡን ጠርጎ ዞር ዞር ብሎ አየ። «ኻላስ፣ በቃ፣ ወሬ ተይና ውሃውን አድርሺ» አለ፤ እንደመቆጣትም አደረገው።

አያ ዘለቀንም ጠየቅሁት። ጣሳውን ጨርሶ አፉን በእጁ ጀርባ አበሰ፤ ጣቶቹ በሰሊጡ ሙጫ ጠቁረዋል። ራሴን ስለረሳሁ ነው እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ወደ ድንበሩ በኩል አየና፣ «ሳጭድ የማስበው የኔን ማሳ ነው፣ ልጄ» አለኝ። «እዚያም ዛሬ አንድ ሰው ለሚስቴ ጎንበስ ይልላት ይሆናል እላለሁ። እንዲህ እያልሁ ነው የማጭደው።» ቅር አለኝ። እሱም ለካ እንደ ታላቁ ወንድም ነው አልሁ በሆዴ፤ ሐጂ ረታ ማለት ነው። ልጅ ነበርሁና የሚያስጨንቀኝ ማን እንደረታ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ማሳው ባዶ ነበር፤ ሂላዎቹ ብቻ በመደዳ ቆመዋል። አያ ዘለቀ ሳይቀመጥ ተሰናብቶን ሄደ። አባቴ ሲሰናበተው እጁን ብቻ ያዘው።

በተከታዩ ክረምት ማሳውን አላጣንም። እዚያው አደግን፤ እኔ ገዳሪፍ ሄጄ ተማርሁ፤ የአባቴ እግርም ጠመም ብሎ ቢሆን ዳነ። አያ ዘለቀ ግን አልተመለሰም። በመከር ወራት ሎሪዎቹ ሠራተኛ ሲያወርዱ አባቴ እያነከሰ ይሄዳል፤ የሚወርዱትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ያያል። እናቴ ትስቅበት ነበር፣ «አልመልስም ብለህ አልነበረም ወይ?» እያለች። እሱ ቃሉን አላፈረሰም፤ ግን ቢያገኘው ምን እንደሚያደርግ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንድ መከር ላይ፣ እኔ ከከተማ መጥቼ አብሬው ቆሜ ሳለሁ፣ ከሎሪው አንድ ወጣት ወረደ። አባቴ ከየት እንደመጣ ጠየቀው፤ ከቋራ ነው። አያ ዘለቀን ታውቀዋለህ አለው። ወጣቱ የአያ ዘለቀ ልጅ ነበር። አያ ዘለቀ ሞቷል።

አባቴ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ማሳችንን ያነሳልን ዓመት አያ ዘለቀ በደህና አገሩ ገብቶ እንደሆነ ጠየቀ። ልጁ ነገሩን ያለ ምንም ቅሬታ ነገረን፤ ማንን እንደሚያናግር አላወቀምና። በሚካኤል ማለዳ የሄደው ሎሪ ሌሎቹን አድርሷል፤ ከዚያ በኋላ የድንበሩ መንገድ ተዘጋ ተብሎ ሎሪ ቆመ። አባቱ ሲደርስ ሰሊጡ ረግፎ ጨርሷል። የመጣላቸው ሰው አልነበረም፤ እናቱ ብቻዋን ሞክራ አልቻለችም። ያን ዓመት ልጆቹን ለዘመድ አከፋፍለው ነው የከረሙት፤ እሱም አንድ አጎቱ ዘንድ ከብት ሲጠብቅ ከረመ።

«አያ ዘለቀ ተጸጸተ?» አለ አባቴ።

«የለም» አለ ልጁ። «እሱ እንኳ የሠራሁትን ሠርቻለሁ ብሎ ተወው። የተቆጣችው እናቴ ናት።»

አባቴ ወጣቱን ቤት ወስዶ አሳደረው፤ ማን እንደሆነም ነገረው። ሌሊቱን ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ጠዋት ልጁ ወደ እርሻው ሄደ፤ አባቴም ማጭዱን ይዞ አብሮት ወጣ።

ዛሬ የምኖረው ገዳሪፍ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። አባቴም ሐጂ ኢድሪስም በሕይወት የሉም። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ በሎሪ የሚወርደው ከካርቱም የሸሸ ሰው ነው፤ ጎረቤቶቼ በራቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ አያለሁ፣ እኔም አንድ ጊዜ ከፍቼ አንድ ጊዜ ዘግቻለሁ። ተማሪዎቼ ሰው ሁሉ ለራሱ ነው ሲሉኝ የሁለቱን ሽማግሎች ክርክር እተርክላቸዋለሁ፤ ለዓመታትም በልቤ ማን እንደረታ ስፈርድ ኖሬአለሁ። አንዳንዴ ዘለቀ፣ አንዳንዴ ሐጂ፤ ልጅ ከወለድሁ ወዲህ ደግሞ እናቴ ትረታለች። አሁን ግን ፍርዱን ትቼዋለሁ። አሁን የማስበው ያቺን ቋራ ያለችውን ሴት ነው። እኛ ጭሱ ዳር ተቀምጠን ማን ለራሱ፣ ማን ለሌላው ስንል፣ የኛን ማሳ ያተረፈልንን ቀን የሰጠው ባሏ ቢሆንም፣ ያጣችው እሷ ናት። ማንም አልጠየቃትም። ተማርሁ የምለው በእሷ ሰሊጥ ነው። የተቆጣችው በእኛ ነው፤ በማታውቀኝ በእኔ ነው። ቁጣዋንም ትክክል ነው እላለሁ፤ አያ ዘለቀንም እወደዋለሁ፤ ሁለቱም ልቤ ውስጥ አሉ፣ አንዱም ሌላውን አላስወጣውም።